ቺዝ ያለበት የነጭ ሽንኩርት ዳቦ፦ ከለስላሳ ጣፋጭ ዳቦ በቤት ውስጥ የሚዘጋጅበት መንገድ

የነጭ ሽንኩርት ዳቦ ተብሎ የሚታወቀው ምግብ በመሠረቱ ዳቦን፣ ቅቤን ወይም ዘይትንና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትን በእሳት የሚያዋሕድ ቀላል ዝግጅት ሲሆን፣ ቺዝ ሲታከልበትና የሚሠራበትም ዳቦ ለስላሳና ጣፋጭ ሲሆን ግን ጠባዩ ስለሚለወጥ አሠራሩም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ቅርፊቱ ደረቅ የሆነው የጣሊያን ዓይነት ዳቦ ስኳርም ሆነ እንቁላል ስለሌለው ብርቱ ሙቀት ችሎ ይቆማል። ጣፋጩ ዳቦ ግን በሊጡ ውስጥ የገቡት ስኳር፣ ወተትና እንቁላል ቶሎ እንዲጠቁር ስለሚያደርጉት፣ በዚያው ሙቀት ቢጋገር ጀርባው አርሮ ሳለ ውስጡ ያለው ቺዝ ገና አይቀልጥም፤ ነጭ ሽንኩርቱም ከነጥሬ ጠረኑ ይቀራል። ስለዚህ የምግቡ መሳካት የሚወሰነው በቅመሙ ብዛት ሳይሆን በሙቀቱ ቅደም ተከተል፣ ማለትም በመጀመሪያ ተሸፍኖ በዝግታ፣ ቀጥሎም ተገልጦ ለአጭር ጊዜ በመጋገሩ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆሙ ናቸው።

በአሜሪካ ገበያ ለዚህ ምግብ በብዛት የሚመረጠው ጣፋጭ ዳቦ አመጣጡ ከሃዋይ ደሴቶች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ከማዴይራና ከአዞሬስ ደሴቶች ወደ ሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የተሻገሩ ፖርቱጋላውያን ሠራተኞች በእንቁላል፣ በወተትና በስኳር የሚቦካውን የአገራቸውን ዳቦ ይዘው ሄዱ፤ ዳቦውም ከጊዜ በኋላ የደሴቶቹ ነዋሪዎች ሁሉ የጋራ ምግብ ሆነ። የጃፓን ስደተኞች ልጅ የሆኑት ሮበርት ታይራ እ.ኤ.አ. በ1950 በሂሎ ከተማ ዳቦ ቤት ከፍተው ይህንኑ ዳቦ ለብዙ ቀን ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ አድርገው መጋገር ጀመሩ፤ በ1963 ወደ ሆኖሉሉ ኪንግ ጎዳና ተዛወሩ፤ በ1977ም በካሊፎርኒያ ቶራንስ ፋብሪካ አቋቋሙ። ዛሬ ኪንግስ ሃዋይያን በሚል ስም በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች የሚሸጠው፣ 12 ትንንሽ ዳቦዎች እርስ በርስ ተያይዘው የሚታሸጉበት ምርት የመጣው ከዚሁ ነው። የዳቦዎቹ ተያይዞ መጋገር ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ጎንና ጎናቸው ተነካክቶ ስለሚበስል ቅርፊት የሚያወጡት ከላይና ከታች ብቻ ሲሆን፣ ይህም ቅቤና ቺዝ ለሚገባበት ሥራ እጅግ ተስማሚ ያደርጋቸዋል።

በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ ይህን ዳቦ ገዝቶ በቀጥታ ወደ አሞላሉ መሄድ ይችላል። በእስራኤል የሚኖር ደግሞ በእንቁላል የሚሠራውን ለስላሳውን የሰንበት ዳቦ ሃላን ሊጠቀም ይችላል፤ ሃላ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወተት ስለሚጋገር ግን የወተት ተዋጽኦ ሲገባበት ማዕዱ ሥጋ የሌለበት እንዲሆን የአይሁድ የምግብ ሥርዓት የሚጠይቀውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዳቦ ቤቶች የሚገኘው የበርገር ዳቦ በለስላሳነቱ ቢቀርብም አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭነቱ አነስተኛ በመሆኑና ለየብቻ ስለሚጋገር ተመራጭ አይደለም፤ ጊዜ ላለው ሰው ዳቦውን ራሱን በቤት መጋገር የተሻለ ነው።

ለ12 ዳቦዎች 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 210 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ 60 ግራም ስኳር፣ 55 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ፣ 6 ግራም ጨውና 6 ግራም (2 የሻይ ማንኪያ) ደረቅ የዳቦ እርሾ ያስፈልጋል። ይህ የእርሾ መጠን የተለካው ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ እርሾው የሚያመነጨው ጋዝ የሚገጥመው ተቃውሞ ስለሚቀንስ ሊጡ ፈጥኖ ኩፍ ይላል፤ ፈጥኖ ኩፍ ያለ ሊጥም ጣዕሙ ሳይዳብር ይነፋና በምድጃ ውስጥ ይሟሽሻል። በመሆኑም በደጋ ከተሞች እርሾውን በሩብ ያህል ቀንሶ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ማድረግና፣ የደጋ አየር ዱቄትን ስለሚያደርቅ ሊጡ ጠንከር ያለ ከመሰለ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት መጨመር ተገቢ ነው።

አቦካኩ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ እርሾው፣ ወተቱና እንቁላሉ ተቀላቅለው ለ15 ደቂቃ ያህል ሳይነኩ ይቀመጣሉ፤ ጨው የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ቅቤው ደግሞ ሊጡ ለ5 ደቂቃ ያህል ከታሸ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ቅቤው ወደ ኋላ የሚቆይበት ምክንያት ግሉተን ከተባለው የስንዴ ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው። ግሉተን ዱቄት ከውሃ ጋር ሲገናኝና ሲታሽ የሚፈጠር፣ የሚለጠጥ መረብ ሲሆን ጋዙን አፍኖ የሚይዘው እርሱ ነው፤ ስብ ቀድሞ ከገባ ግን ፕሮቲኖቹን ሸፍኖ እርስ በርስ እንዳይያያዙ ያግዳቸዋል። ቅቤው ከገባ በኋላ ሊጡ ለሌላ 10 ደቂቃ ይታሻል። ትንሽ ቁራሽ ወስዶ በሁለት እጅ ጣቶች ቀስ ብሎ ሲወጠር ሳይበጠስ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁ ስለማይቀር ዱቄት የመጨመር ፈተና ይመጣል፤ ይሁን እንጂ የዳቦው ልስላሴ የሚገኘው ከዚሁ እርጥበት በመሆኑ እጅን በጥቂት ዘይት ቀብቶ መቀጠል እንጂ ዱቄት መነስነስ አይመከርም።

ሊጡ ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን ይቀመጣል። ስኳር ውሃን ወደ ራሱ ስለሚስብ እርሾውን ስለሚያዘገየው ከተራ ዳቦ ሊጥ የበለጠ ጊዜ መውሰዱ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ የሊጡን ግዝፈት መመልከት ይበልጣል። ከዚያ በኋላ በሚዛን 65 ግራም ገደማ እየሆነ ለ12 ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ጫፉ ወደ ታች ተሰብስቦ ይድበለበላል፤ ቅቤ በተቀባ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር በሆነ ፓትራ ላይ በ3 ረድፍ አራት አራት ሆኖ ጣት የሚያህል ክፍተት እየተተወለት ይደረደራል። ዳቦዎቹ ኩፍ ብለው ሲነካኩ ወተት ተቀብተው በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጋገራሉ። ቀለማቸው ከወርቃማ አልፎ እንዳይጠቁር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሁለተኛ ጊዜ እሳት ይጠብቃቸዋል። ከቀዘቀዙ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ቢያድሩ ይመረጣል፤ ትኩስ ዳቦ ቢላዋ ሲያርፍበት ይጨፈለቃል፣ ቅቤውንም በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ይረሰርሳል፤ አንድ ቀን ያደረው ግን ተስተካክሎ ይቆረጣል። በማደሩ የሚመጣው ድርቀት ሥጋት ሊሆን አይገባም፤ ዳቦ የሚጠነክረው በአብዛኛው ስታርቹ ዳግም ስለሚደራጅ እንጂ ውሃው ስላለቀ ብቻ ባለመሆኑ፣ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ልስላሴው ይመለሳል።

የነጭ ሽንኩርቱ አያያዝ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ክፍል ነው። ያልተነካ የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ ብዙም ጠረን የለውም። አሊን የተባለው ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በሕዋሱ ውስጥ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ፍልቃቂው ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ግን ተገናኝተው አሊሲን የሚባለውን፣ አፍንጫ የሚወጋውንና ምላስ የሚለበልበውን ውሕድ ይፈጥራሉ። አሊሲንን አሜሪካዊው ኬሚስት ቼስተር ካቫሊቶና ባልደረባቸው ጆን ቤይሊ ለይተው ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ በሙቀጫ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በቢላዋ ከተከተፈው ይልቅ ኃይለኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሙቀት አሊሲንን ወደ ለዘብተኛና ጣፈጥ ወዳሉ ውሕዶች ስለሚቀይረው፣ ነጭ ሽንኩርቱን ምን ያህል ማሞቅ እንደሚገባ የሚወስነው አዘጋጁ መሆኑ ነው።

ብዙ የአዘገጃጀት መመሪያዎች ጥሬውን ነጭ ሽንኩርት ከቅቤ ጋር ለውሶ ዳቦው ላይ መቀባትን ያዛሉ። ይህ ለደረቁ ዳቦ ሊሠራ ይችላል፤ በለስላሳው ዳቦ ውስጥ ግን እርጥበቱ እስካለ ድረስ የውስጡ ሙቀት ከውሃ መፍያ ነጥብ ስለማያልፍና የመጋገሪያው ጊዜም አጭር ስለሆነ ነጭ ሽንኩርቱ ሳይበስል ይወጣል፤ ከዳቦው ጣፋጭነት ጋር ሲገናኝም ጥሬነቱ ይበልጥ ይጎላል። በተቃራኒው ነጭ ሽንኩርቱን በመጥበሻ ላይ እስኪቀላ ማቁላላት መራራ ያደርገዋል። የተሻለው መንገድ መካከለኛው ነው፦ ለ12 ዳቦ 25 ግራም የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በ40 ግራም ቅቤ ውስጥ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ለ3 ደቂቃ ያህል፣ ጠረኑ ከመውጋት ወደ መጣፈጥ እስኪለወጥ፣ ነገር ግን ቀለሙ ሳይቀየር ይሞቃል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ የሚያህለው ጥሬ ሆኖ ለብቻው ይቆያል። መጠኑ በሚዛን የተገለጸው የፍልቃቂ ቁጥር አሳሳች ስለሆነ ነው፤ ከውጭ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂው ትልልቅ ሲሆን አምስት ወይም ስድስት ሊበቃ ይችላል፤ በኢትዮጵያ ገበያ የሚገኘው የአገር ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ግን ፍልቃቂው አነስተኛ በመሆኑ እጥፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ጠረኑም ጠንካራ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ከ20 ግራም ቢጀምር ይበጀዋል።

የሞቀው ነጭ ሽንኩርት ከነቅቤው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ በክፍሉ ሙቀት ከለሰለሰ 75 ግራም ቅቤ፣ ለብቻው ከቆየው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በደቃቁ የተከተፈ ፐርሰሜሎና ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ይለወሳል። ቅቤው ጨው ያለበት ከሆነ ጨው አይጨመርም። ሁሉንም ቅቤ አቅልጦ ማፍሰስ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ የቀለጠ ቅቤ ለስላሳውን ዳቦ ሰንጥቆ ወርዶ በፓትራው ወለል ላይ ስለሚጠራቀም የዳቦው ታች ይጠበሳል፣ ላዩ ደግሞ ጣዕም ያጣል፤ የለሰለሰው ቅቤ ግን በተቀባበት ቦታ ተይዞ በዝግታ ይሰርጋል። በንጥር ቅቤ መሥራትም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ኮሰረቱና ኮረሪማው ነጭ ሽንኩርቱን ስለሚጫኑት ሌላ ምግብ ይሆናል፤ የሚፈልግ ሰው ከጠቅላላው ቅቤ ሩቡን ብቻ በንጥር ቢተካ ሁለቱም ጣዕሞች ይሰማሉ። ቁንጥር ሚጥሚጣ ግን ከዳቦው ጣፋጭነት ጋር እጅግ ይስማማል።

ቺዝን በሚመለከት 200 ግራም የተፈገፈገ ሞዛሬላና 40 ግራም ፓርሜዛን ወይም ሌላ ደረቅና ጨዋማ ቺዝ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ለመለጠጥ፣ ሁለተኛው ለጣዕም ነው። ሞዛሬላው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሚሸጠው ትኩሱ ሳይሆን ጠጠር ያለው፣ ለፒዛ የሚውለው ዓይነት ሊሆን ይገባል፤ ትኩሱ ሲሞቅ ውሃውን ለቆ ዳቦውን ያላቁጠዋል። ተፈግፍጎ በከረጢት የሚሸጠውም እንዳይጣበቅ በስታርች ስለሚነሰነስ እኩል አይቀልጥም፤ በመሆኑም ቁራጩን ገዝቶ በቤት መፈግፈግ ይመረጣል።

የአገራችን አይብ ይህን ሥራ ለብቻው ለምን እንደማይሠራ ማወቅ ይጠቅማል። እንደ ሞዛሬላ ያሉ ቺዞች በሬኔት፣ ማለትም ወተትን በሚያረጋ ኢንዛይም የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲናቸው በካልሺየም የተያያዘ ልል መረብ ይሠራል፤ ሲሞቅም መረቡ ላልቶ ይፈስሳል። አይብ ግን ከአሬራ በኮምጣጣነትና በሙቀት ተባብሮ የሚረጋ በመሆኑ፣ ፕሮቲኖቹ በጥብቅ ስለሚተሳሰሩ እንደገና ሲሞቅ ውሃውን ይተፋል እንጂ አይቀልጥም። ይህ ማለት ግን ቦታ የለውም ማለት አይደለም። በንጹሕ ጨርቅ ተጨምቆ ውሃው የወጣለት 80 ግራም ለጋ አይብ ከሞዛሬላው ጋር ቢቀላቀል፣ ለዘብ ያለው ኮምጣጣነቱ የዳቦውን ጣፋጭነትና የቅቤውን ክብደት ያቃናል፤ ሞዛሬላውም መለጠጡን አይተውም። ይህ ውሕድ በሞዛሬላ ብቻ ከሚሠራው ይልቅ በጣዕም የተሟላ ስለሆነ ለጋ አይብ የሚያገኝ ሰው ሊተወው አይገባም።

አሞላሉ እንደሚከተለው ነው። ዳቦዎቹ እንደተያያዙ በፎይል በተነጠፈ ፓትራ ላይ ይቀመጡና፣ ስለታም ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላዋ እያንዳንዳቸው በመስቀል ቅርጽ ይሰነጠቃሉ። ስንጥቁ ከቁመታቸው ሦስት አራተኛውን ያህል ይወርዳል፤ ወለላቸው ግን አይነካም። ዳቦውን እንደ ሳንድዊች አግድም ለሁለት መክፈል የተለመደ ሌላ መንገድ ቢሆንም፣ ያ ዘዴ የታችኛውን ግማሽ ለቅቤው ክብደት አጋልጦ ስለሚሰጠው ለስላሳው ዳቦ ሲነሣ ይበጣጠሳል። ከዚያ ስንጥቁ በጣት ቀስ ተብሎ ተከፍቶ ቅቤው በትንሽ ማንኪያ ውስጥ ውስጡን ይቀባል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ለላዩ ይቀራል። ቺዙም ሁለት ሦስተኛው ወደ ስንጥቁ ጠልቆ ይገባል፤ የተረፈው ከፓርሜዛኑ ጋር ተደባልቆ ለመጨረሻው ይቆያል። ቺዙ ወደ ውስጥ መግባቱ ወሳኝ ነው፤ ከላይ ብቻ የተከመረ ቺዝ ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ተገፍፎ ይነሣል፣ ዳቦውም ባዶውን ይቀራል።

ፓትራው በፎይል ይሸፈናል፤ ፎይሉ ቺዙን እንዳይነካ መካከሉ ከፍ ይደረጋል። በ175 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ለ12 ደቂቃ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከቅቤውና ከዳቦው የሚወጣው እንፋሎት ታፍኖ ስለሚዘዋወር ዳቦው ይለሰልሳል፣ ቺዙ ከውስጥ ይቀልጣል፣ የዳቦው ጀርባም ከመጥቆር ይጠበቃል። ቀጥሎ ፎይሉ ይነሣና የተረፈው ቅቤ በብሩሽ ተቀብቶ፣ የቆየው ቺዝ ተነስንሶ፣ ሳይሸፈን ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይመለሳል። በላይኛው የምድጃ እሳት ማቅላት የሚወድ ሰው የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በዚያች ደቂቃ ግን ከምድጃው ፊት መለየት አይገባም፤ ስኳር ያለበት ቅርፊት ከወርቃማነት ወደ ማረር የሚያልፈው በሰከንዶች ነው። ዳቦው ከወጣ በኋላ ለ3 ደቂቃ ያህል ቢያርፍ ቺዙ ረጋ ብሎ በየዳቦው ላይ ይቀራል፤ አፍም አያቃጥልም።

ኦቨን በሌለበት ቤትም ሥራው አይቀርም። ወፍራም ወለል ያለው ሰፊ ድስት ወይም አክምባሎ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ይበቃል፤ ሙቀቱ ከታች ብቻ ስለሚመጣ ግን ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት ልማድ የኮባ ቅጠል፣ ካልተገኘም ድርብ የመጋገሪያ ወረቀት ከሥር ይነጠፋል። እሳቱ ዝቅተኛ ሆኖ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ተከድኖ ይቆያል። በክዳኑ ላይ የሚጠራቀመው ውሃ በቺዙ ላይ እንዳይንጠባጠብ የድስቱን ክዳን በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለልና የጨርቁን ጫፎች ከእሳት አርቆ ወደ ላይ መቋጠር ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ የሚሠራው ዳቦ ላዩ አይቀላም፤ ልስላሴውና የቺዙ መለጠጥ ግን ከኦቨኑ አያንስም።

በአጽዋማት ቅቤ፣ ወተት፣ ቺዝና እንቁላል ስለማይበሉ ይህ ዝግጅት የፍስክ ነው። ለጾም የሚሆነው ዳቦ በወተቱና በእንቁላሉ ፈንታ በውሃ፣ በቅቤው ፈንታ በዘይት ይቦካል፤ ነጭ ሽንኩርቱም በዘይት በዝቅተኛ እሳት ሞቆ ከፐርሰሜሎ ጋር በስንጥቁ ይገባል። የሚቀልጥ ቺዝ ስለሌለበት ተሸፍኖ 8 ደቂቃ፣ ተገልጦ 4 ደቂቃ ይበቃዋል።

የተረፈውን ነጭ ሽንኩርት የገባበት ቅቤ ወይም ዘይት በመደርደሪያ ላይ ማሳደር ፈጽሞ አይገባም። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚወጣ በመሆኑ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ዘር ሊሸከም ይችላል፤ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ አየር በሌለበት፣ በስብ በተሸፈነና በክፍል ሙቀት በቆየ ምግብ ውስጥ፣ ሽታና ቀለሙን ሳይለውጥ ሊራባ ይችላል። ስለዚህ ቅቤው በፍሪጅ ከ4 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ይቆያል፤ ለረዥም ጊዜ ከተፈለገ በትንንሹ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ይገባል። የተሞላውን ዳቦም ሳይጋገር በፎይል አጥብቆ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በፍሪጅ ከማቆየት ይህ ይሻላል፤ ዳቦ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ፈጥኖ ይጠነክራልና። ከፍሪዘር የወጣው ሳይሟሟ፣ እንደተሸፈነ በ165 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ያህል ይሞቃል፤ መካከለኛው ዳቦ ውስጥ የገባ ቢላዋ ሞቆ ሲወጣ ፎይሉ ተነሥቶ ላዩ እስኪቀላ ይቀጥላል።